ወተቷን የያዘችው ፍየል

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ጡቴ ነጠፈ። ጣሊያን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የሚያሠራበት ጊዜ ነበር። ባሌ ደሴ፣ ሆጤ ካለው የአጎቴ ሱቅ ይሠራል፤ እኔ ኮምቦልቻ ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። ልጅቷን ያቆየቻት አንዲት ቡላ ፍየል ናት። ወተቷን አፍልቼ፣ በውኃ አቅጥኜ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ አጠባት ነበር።

ከቤታችን በላይ ያለውን ገደል ለመንገዱ ሲሉ በፈንጂ ይሰብሩታል። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከዙሁር ሶላት በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጮኻል። ሰዉ በሳምንቱ ለመደው፤ ፍየሏ ግን አልለመደችም። ሳልባት ፍንዳታው ከመጣ ቆዳዋ ይንቀጠቀጥና ወተቱ ቀጥ ይላል። ግቷ ሙሉ እንደሆነ በእጄ ይታወቀኛል፤ ጠብ ግን አይልም። ትቻት እገባለሁ።

ጥቂት ቀን እንደቆየ የግቷ ግራ ጎን ጋለ፣ ደነደነም። ከዚያ በኩል የሚወጣው ወተት አይብ የመሰለ ቁርጥራጭ ያለበት ሆነ፤ ብቀምሰው ጨው ጨው አለኝ።

"ዓይን ነው፣ ሌላ አይደለም" አሉ አማቴ፤ ሂርዝ የሚሉትን ክታብም አሰሩላት።

ለገበያ ስትመጣ እኛ ዘንድ የምታርፍ አንዲት የደጋን አገር ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋን በሙሉ ፍየል ያረባች። ግቷን በሁለት እጇ ዳብሳ ጠየቀችኝ።

"ስታልቢያት ታመሰኳለች?"

"ኧረ ትንቀጠቀጣለች።"

"ግቷ ሙልጭ ብሎ የታለበው መቼ ነው?"

አላስታወስሁም።

"የፈራች ፍየል ወተቷን አትለቅም። ያልወጣው ደግሞ እዚያው ይበላሻል። አንቺስ፣ መቼ ነው የነጠፈብሽ?"

ጠመንጃ ፍለጋ ቤታችን የተፈተሸ ሰሞን ነበር። ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አላውቅም።

"ከዚህ ጩኸት አርቂያት" አለች። "ግቷን ለብ ባለ ውኃ እሺው፣ ግልገሏን አስጠጊላት። የታመመውን በቀን አራት አምስቴ አልበሽ ድፊው፤ ለልጅሽ ከደኅናው ብቻ።"

ሆጤ ልውሰዳት ስል አማቴ ተቆጡ። "ፍየል ፈራች ብላ ቤቷን ጥላ የሄደች ሴት ወላሂ ሰምቼ አላውቅም!"

"እማ፣ አንቱ ይፍቀዱልኝ። ልጅቷ ሌላ ምን ትጠጣለች?"

በማግስቱ ስንቅ ቋጥረው ሰጡኝና "አብሽሪ፣ አላህ ያቅናልሽ" አሉኝ። ሂርዙን ግን አላስፈቱም። ልጄን አዝዬ፣ ፍየሏንና ግልገሏን እየነዳሁ፣ ከመኪናው መንገድ ርቄ በእግረኛው ዳገት ወጣሁ።

በአጎቴ ጓሮ ሁለት ቀን ወተቷን እንደያዘች ቆየች። በሦስተኛው ቀን ግልገሏ ግቷን በአፍንጫው ሲጎስም፣ እሷ ቆማ ስታመሰኳ፣ ወተቱ በእጄ ወረደ። ግራውን አልቤ ስደፋ ሰነበትሁ። ሕመሙ ለቀቃት፤ ያ ጎን ግን ነጥፎ ተኮማትሮ ቀረ። ቀኙ ለልጄ በቃ። የእኔም ቀሚስ ለጥቂት ቀን ደረቱ ላይ በወተት ይረጥብ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ሥራው ከሰፈራችን ሲርቅ ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ነገርሁት። ግት ወተቱን የሚለቀው ከአንጎል በደም የሚመጣ ሆርሞን ሲደርሰው ነው፣ ድንጋጤ ያንን ያግደዋል አለኝ። የድንጋጤው ሆርሞን ደግሞ በጥቂቱ ከወተቱም ውስጥ ይገባል አለ።

"ታዲያ ልጄ እሱን ጠጥታ ነው ያደገችው?"

"ጥቂት ጠጥታለች፤ አይጎዳትም" አለኝ።

አልጎዳትም። የአምስት ልጆች እናት ሆናለች፤ አምስቱንም በራሷ ጡት አሳደገች።