ኔቨርዘለስን ሳስረዳ

መካ በምሠራበት ቤት ከሕመም በኋላ አንደበታቸው የተዘጋ አሮጊት አሉ፤ የማዳሜ እናት ናቸው። የማጎርሳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሾርባ እያጠጣኋቸው የልጅ ልጃቸው ሪማ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ መጣች።

«ኔቨርዘለስ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

ደሴ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ ቃሉን አውቀዋለሁ። ዐረብኛው ግን ጠፋኝ። «ያም ሆኖ ማለት ነው» አልኩ ለራሴ በአማርኛ። ምሳሌ ስፈልግ የራሴው ነገር አፌ ላይ መጣ፤ «እናቷ አትሂጂ ብላ አለቀሰች፤ ያም ሆኖ…»

«ያም ሆኖ ሄደች።»

ድምፁ የሻከረ ነው፤ አማርኛው ግን የወሎ ነው። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሪማ አያቷ ላይ አፍጥጣለች።

ማዳም ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። «ተናገረች? ምን አለች?»

«በእኛ ቋንቋ ነው የተናገሩት፣ ማዳም።»

«ወላሂ አይሆንም! እናቴ እዚሁ መካ ነው የተወለደችው። የሐበሻ አገር ረግጣ አታውቅም።»

አሮጊቷ ልጃቸውን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። በቀጭን ጣቶቻቸው እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙና በዚያው በወሎ አማርኛ «የማን ልጅ ነሽ፣ አንቺ?» አሉኝ።