አልቀረቡም የተባሉት

በሆስፒታሉ የካንሰር ሕክምና ክፍል፣ ከጨረር ማሽኑ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ ስትደውል የኖረች ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «ባለስልኳ» ነው የሚላት። ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ማሽኑ አንድ፣ ወረፋው ረጅም። ተራው የደረሰ በሽተኛ ሲኖር ትደውልና «ተራዎ ደርሷል» ብላ ቀኑን ትነግራለች፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች።

ድምጿ ለዚሁ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ ለስላሳ፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። ጋራዥ የሚሠራው ባሏ «አንቺ እኮ ሰውን በስልክ ብትሰድቢው እንኳ አመሰግናለሁ ብሎ ነው የሚዘጋው» እያለ ይቀልድባታል።

ችግሩ ተራው የሚደርሰው ከሰባትና ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ከምትደውልላቸው አሥር ሰዎች የሦስቱን፣ አንዳንዴም የአራቱን ስልክ ሌላ ሰው ያነሳዋል። «እሷማ የለችም» ይላታል። በመጀመሪያው ዓመት የዋህ ነበረችና «መቼ ትመለሳለች?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወችው።

መዝገቡ «ቀርቧል» እና «አልቀረበም» ከሚሉ ሁለት ቦታዎች በቀር ሌላ የለውም። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን የሞተውን የት እንደምትጽፈው የክፍሉን ኃላፊ ጠይቃው ነበር። እሱም ካጎነበሰበት ወረቀት ቀና ሳይል ያልመጣ ያው ያልመጣ ነው አላት። እሷም በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ «አልቀረበም»፣ «አልቀረበችም» እያለች ትሞላ ጀመር።

ሙታኑ ግን አልለቅ አሏት። በሕልም አይመጡም፤ መልክም የላቸውም፤ አይታቸው አታውቅማ። የሚከተሏት ድምፆች ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ አንዱ «ሀሎ» ሲል ክው ብላ ትዞራለች። ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ የማታውቃት ሴት «አቤት» ስትል እጇ ላይ የያዘችውን ትጥለዋለች። ከሁሉም ከሁሉም የአንድ ሽማግሌ ነገር አልወጣልሽ ብሏት ነበር። የሚስታቸው ተራ እንደደረሰ ስትነግራቸው «ጎሽ፣ ቆይ ልጥራት» አሉና ስልኩን አስቀምጠው ሄዱ። የነጠላ ጫማቸውን ኮቴ ሰማች፤ በር ሲከፈት ሰማች፤ ከዚያ ጭጭ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀች። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት አነሳችና በሹክሹክታ «እናቴ፣ ሚስታቸው ካረፉ እኮ ሁለት ወራቸው ነው» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስልክ ማንሳት አቆመች። ባሏ ነው የሚያነሳው። ዘመድ ሲያኮርፍ «እሷን ማግኘት የፈለገ ደብዳቤ ይጻፍ» ይላል። ድሮ ብትሆን ትስቅለት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች መጡ። ነጭ ካናቴራ ለብሰዋል፤ «ቶሎ ይመርመሩ፣ ቶሎ ይምጡ» የሚል በራሪ ወረቀት በእቅፋቸው ሙሉ ይዘዋል። ስለ ካንሰር የሚቀሰቅስ ክበብ አቋቁመዋል። መዝገቡን ለማየት ከኃላፊው ወረቀት አጽፈው ነበር። የክፍሉ ዓመታዊ ሪፖርት ተራ ከተሰጣቸው ሲሶው እንደማይቀርቡ ይናገራል፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱም ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም ብሎ በጀቱን ለፖስተር አውሎታል። ሁለተኛ ማሽን ይገዛ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ ደግሞ ያለውንስ መች ተጠቀማችሁበት ብሎ መልሶታል። ተማሪዎቹ ሰው ለምን እንደሚቀር ሊያጠኑ ነው የመጡት።

ባለስልኳ «ግቡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው። ሦስቱ ገቡ። የቡድኑ መሪ ግን በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ስታትስቲክስ የምታጠና፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ፊቷ አመድ መሰለ። ባለስልኳ አሟት መስሏት ወንበር ልትሰጣት ተነሳች።

ልጅቷ «ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለቻት። «የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ጋ ደውለው ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ባለስልኳ ልትሰጣት ያነሳችው ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች። ከአፏ የወጣው «ስንት ቀን ቀደመችኝ?» የሚል ብቻ ነበር።

«አሥራ አንድ ቀን። ያኔ ምንም አላልኩዎትም፤ እሺ ብዬ ዘጋሁት። በቀጠሮው ቀን ደግሞ እዚህ መጥቼ ያ በር ጋ ቆሜ ዋልኩ። ለምን እንደመጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

መዝገቡ ተከፈተ። የእናትየው ስም ተገኘ፤ ከጎኑ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ «አልቀረበችም» ይላል። ልጅቷ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ቆየች። «እናቴ እኮ ቀርባ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ስምንት ወር ሙሉ ቀርባ ነበር።» ከጓደኞቿ አንዱ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋቸውን በራሪ ወረቀቶች ድምፅ ሳያሰማ ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ጥናቱ በዚያው ቀን መልኩን ቀየረ። ፈቃድ ለማግኘት ግን ዛሬ ነገ እየተባለ አራት ወር ፈጀ። ኃላፊው ስማችን ይጠፋል ብሎ ፈራ፤ ልጅቷ ግን እንደ ጥላ ተከተለችው። በሦስት ዓመት ውስጥ «አልቀረበም» የተባሉት አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደገና ሊጠየቅ ነው። ተማሪዎቹ ሞክረው ነበር፤ ሰው አጭበርባሪ እየመሰሉት ጆሯቸው ላይ ዘጋባቸው። ያኔ ባለስልኳ እኔ እደውላለሁ አለች።

የዚያን ዕለት ቤቷ ገብታ ባሏን «ጅብ ከሄደ የምጮህ ውሻ ሆንኩ» አለችው።

ባሏም «ለሚመጣው ጅብ ይጠቅም ይሆናል» አላት።

ሁለት ወር ከሰዓት ከሰዓቱን እሷ ስትደውል ልጅቷ ከጎኗ ተቀምጣ ጻፈች። የሰደባት አለ፤ ያለቀሰባት አለ፤ ስለሟቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራትም አለ። የሽማግሌው ተራ ደረሰ። ቁጥሩን መታች። ሽማግሌው አወቋት።

«ያኔም አውቅ ነበር እኮ ልጄ» አሏት። «ልጥራት ብዬ ስሄድ እንደሌለች አውቅ ነበር። ግን ስሟን እንደዚያ ደህና አድርጎ የጠራልኝ ሰው አልነበረም። ዝም ብዬ ሄድኩ።»

ሥራው ሲያልቅ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባቱ ስልኩ ሳይደርሳቸው እንደሞቱ ታወቀ። ስልሳ አንዱ አልተገኙም። ሌሎቹ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር፤ ወይም ያላቸውን ሸጠው ሌላ ቦታ ሄደው ነበር። ሕክምናውን አልፈልግም ብለው የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ተማሪዎቹ ይህንን ይዘው የምክር ቤቱ የጤና ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ልጅቷ አሥር ደቂቃ ተናገረች፤ ድምጿ አልተሰበረም። አንድ የኮሚቴው አባል ግን የመንግሥት መዝገብ «አልቀረበም» እያለ ተማሪ ተነስቶ «ሞቷል» ማለቱ የተቋም ስም ማጥፋት እንደሆነ ገልጾ ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድ ጠየቀ።

ባለስልኳ ተናጋሪ አልነበረችም፤ ከኋላ ነበር የተቀመጠችው። ተነሳች። «ሞተዋል ሲሉኝ አልቀረቡም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «መዝገቡ ሌላ የምጽፍበት ቦታ አልነበረውም። ስም መጥፋቱ ካልቀረ የኔ ይጥፋ። የእነሱን ግን አስተካክሉልኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ሳምንት ሳይሞላ ያለፈቃድ ተናግረሻል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡ ላይ «ተራው ሳይደርስ ያረፈ» የሚል ሦስተኛ ቦታ ተጨመረ። የሁለተኛው ማሽን በጀት የጸደቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጨረር የማያሳልፍ ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍሉ እስኪሠራለት ደግሞ ሌላ ዓመት ሄደ። ዛሬ ወረፋው ወደ ሦስት ወር ወርዷል። ክበቡን ከተማሪዎቹ በኋላ የመጡ ታናናሾቻቸው ይመሩታል፤ አሁን ደግሞ ለመድኃኒት በጀት ይሟገታሉ።

ሰው ባለስልኳና ልጅቷ እንደ እናትና ልጅ የሚሆኑ መስሎት ነበር። አልሆኑም። ልጅቷ ስትመረቅ መጥታ ተሰናበተቻት። «እርስዎን በሰማሁ ቁጥር እናቴ እንደገና ትሞትብኛለች፤ አይቀየሙኝ» አለቻት። ባለስልኳም አልዋሸችም፤ «እኔም አንቺን ሳይ እንደዚያው ነኝ ልጄ» አለቻት። አንዳንዴ በጽሑፍ መልእክት ይጠያየቃሉ። አይደዋወሉም።

ድምፆቹ አልተዋትም። አውቶቡስ ውስጥ አሁንም ትዞራለች። እንዲያውም በሽተኛው ራሱ ስልኩን ሲያነሳ የባሰ ትደነግጣለች፤ ከዚያኛው ዓለም የመለሰላት ይመስላታል። በቅርቡ አንዲት ሴት «አቤት፣ እኔው ነኝ» ስትላት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ሴትየዋ «ሀሎ? ይሰማል?» እያለች ጠበቀቻት። ባለስልኳ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ ቀኑን ነገረቻት። ሴትየዋ ጻፈችው። ከዚያ ምን ይዤ ልምጣ ብላ ጠየቀቻት።

ባለስልኳን ለረጅም ጊዜ ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ሹራብ ይያዙ» አለቻት፤ «ክፍሉ ይበርዳል።»