ከነጥቡ ማዶ ያለው ባዶ ቤት

የደረቀ ሰሊጥ ሲነካ የሚያሰማው ኮሽታ ዛሬም ከመንገድ ያስቆመኛል። በቀደም ጭዱን የጫነ ጋሪ በደጄ ሲያልፍ ያ ቅባት ቅባት የሚል የአቧራ ሽታ መጣና፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በነበርንበት የሰሊጥ እርሻ ላይ የነበረችው ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። "ባዶ ከሆነ ለምን ይጻፋል?"

ምን መሰለሽ፣ ያኔ እኔም ተማሪ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነውና በቁመቴ ከሕፃናት ጋር ነበር የምቀመጠው። ከመተማ በኩል የመጡት አጫጆች ደብተሬን ባዩ ቁጥር "ይችን ዳራት እንጂ! ምን ከሕፃን ጋር ታስቆጥራታለህ?" እያሉ አባቴን ይነካኩት ነበር። ልጅቱ የእርሻው ምግብ አብሳይ ልጅ ናት። አባቷ ታላቅ ወንድሟን ሊፈልግ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ሐምዳይት እንደወጣ አልተመለሰም። እናቷ እንዳስጠናት ስትሰጠኝ ቁርጡን ነግራኛለች፦ "የትምህርት ቤቱን ፈተና ካለፈች ትማር። ከወደቀች ድስት ታማስላለች።"

የሚጥላት ዜሮ ነበር። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ሲሏት የመሃሉን ዘላ ዜሮ ነጥብ አምስት ትጽፋለች። እኔ ደግሞ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። አሥር የሰሊጥ አገዳ አስሬ "ይህ ነዶ አንድ ነው" አልኋት። አንዱን አገዳ መዘዝሁ፤ አንድ አሥረኛ። አገዳው ላይ ፍሬ የሚይዙትን ከረጢቶች አሥር ብቻ አስቀርቼ አንዷን ቀጠፍሁ፤ አንድ መቶኛ። መሬቱ ላይ ለነዶም ለአገዳም ለከረጢትም ቤት ቤታቸውን አሰመርሁ። አምስት ከረጢት በመዳፏ ይዛ የአገዳውን ቤት ስታይ ቆየች።

"እትዬ፣ እዚህ እኮ ማንም የለም።"

"የለም። ዜሮው ግን ቤቱን ይጠብቃል። ብታነሺው ከረጢቶቹ ተንሸራተው ይገቡበታል፤ ከረጢት ሆነው ሳለ አገዳ ነን ይላሉ።"

ቀትር ላይ አሲዳው፣ የማሽላው ገንፎ፣ ሲኒያ በምንለው ሰፊ ትሪ ቀረበ። እናትየዋ በመንገዱ በኩል ያለውን ጎን ለባሏ ክፍት ትተዋለች፤ ማንም አይቀመጥበትም። ያን ቀን አንድ አዲስ አጫጅ ሳያውቅ ቁጢጥ አለበት።

"ተነሥ!" አለችው ልጅቱ። "የአባባ ነው።"

"የታል አባባ? ለጅን ነው የምትይዙለት?" ብሎ ሣቀ።

"ዜሮ ነው። ዜሮው ከተነሣ እኔ እገባበታለሁ። ሳላድግ ትልቅ እሆናለሁ።"

ሰውዬው ሣቁን ዋጥ አድርጎ ተነሣ። እናትየዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያን ፊቷን ዛሬም፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ሳለሁ፣ አየዋለሁ።

ፈተናውን አለፈች፤ አንድም ዜሮ አልዘለለችም።

ብዙም ሳይቆይ ከሐምዳይት አንድ ሰው የአባቷን ጋቢ አጣጥፎ ይዞ መጣ። እናትየዋ ተቀበለችው፤ አልጮኸችም። ሲኒያው ሲቀርብ በመንገዱ በኩል ያለውን ጎን በእጇ ጠረገችና "ነይ፣ እዚህ ሁኚ" አለቻት። ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ሄዳ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ደብተሯን ሳይሆን ማማሰያውን ይዛ አገኘኋት። ድስቱ የብረት እግር ላይ ተጥዶ ከፍ ብሎባታል። እንድትደርስበት የሰሊጥ ነዶ ደራርባ ቆማበታለች፤ ከላይ ያለው እኔ ያሰርሁት ነበር።