ይቀበላል የተባለው ባለስምንት መስመር መቅጃ

አክስቴ እትዬ ዘነቡ ዛሬ አንድ ስንኝ አውጥተው ዝም አሉና አዲሱን ድምፅ መቅጃዬን አፍጥጠው ያዩት ጀመር።

"ምነው፣ ይቀበላል አላልክም?" አሉኝ።

ድምፅ ይቀበላል ማለቴ ነበር። እሳቸው እንደ ሰርግ ቤት ተቀባይ እያጨበጨበ የሚመልስላቸው መስሏቸዋል።

አራት ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳውን ልግዛ ወይስ ስምንት የሚቀዳውን እያልኩ ወር ሙሉ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። የአክስቴን ዘፈን ልቀዳ ባለስምንቱን ከአዲስ አበባ እሳቸው እስካሉበት መሐል ሜዳ ድረስ በአውቶቡስ ታቅፌው መጣሁ። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።

"አውጪና ተቀባይ ለየብቻ ነው የሚቀዳው" ብላቸው፣ "ብቻውን የሚዘፍንማ እብድ ነው" ብለው ጎረቤቱን ጠሩ።

ሁሉም ባንድ ማይክ ዘፈኑ። ሰባቱ መስመር ባዶውን ቀረ። (ዘፈኑ ማማሩ ነው የሚያናድደው!)

ለካ ያልጠየቅኩት እሳቸውን ብቻ ነው። እናንተስ ማንን ሳትጠይቁ ገዛችሁ?