ከሻይ በፊት የወጡ እጆች

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራ ላይ ስትሆን ከከንፈሯ ስፒል ስለማይጠፋ፣ አብዛኛውን ነገር የምትናገረው ጥርሷን ነክሳ ነው። የማያውቃት ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። ከተመረጠች ወዲህ ግን እውነትም ተቆጥታ ነው የኖረችው። ሰፈሩ ለክልሉ ምክር ቤት ሲመርጣት "ልብስ ለክቶ የሚቆርጥ ነገርም ለክቶ ይቆርጣል" ብለን ነበር። የሚጠብቃትን ብናውቅ ኖሮ ከስፌት መኪናዋ ባላስነሣናት ነበር።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ በዚያው ምክር ቤት ሻይ አቀርባለሁ። እሷ ሳትመረጥ በፊት ጀምሮ እዚያ ነበርኩ፤ በእህቱ ገባ ብሎ የሚያማኝ ካለ ይኸው ይስማ። ሥራዬ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውሃ ማፍላት፣ ብርጭቆ ማጠብ፣ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ትሪ ይዞ መግባት ነው። በሩን ገርበብ ሳደርገው አዳራሹ በሙሉ ይታየኛል። ከዚያች በር ብዙ ነገር አይቼ ብዙውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ። ይህንን ግን ልተወው አልቻልኩም።

ነገሩ ድልድይ ነው። መኪና የሚያልፍበት እንዳይመስላችሁ፤ ሰው በእግሩ የሚሻገርበት የእንጨት ድልድይ ነው። ሰፈራችንን ከትምህርት ቤቱ የሚለየውን ጅረት በበጋ ዶሮም ትሻገረዋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ያብዳል። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችንን የአናጺውን ልጅ ወስዶ ታች ካለ ቁጥቋጦ ላይ ጣላት። እግዜር ይመስገን ተረፈች፤ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰችም። ጅረቱ ዳር ስትደርስ እግሯ አልራመድ ይላታል።

አባትየው ብስጭቱን በመዶሻ ተወጣው። እንጨቱን ከየቤቱ ለምኖ፣ ልጦና ጠርቦ ድልድዩን ገጣጥሞ ጨረሰና ከእትዬ ሱቅ ግድግዳ ጋር አስደግፎ አቆመው። የቀረው ጅረቱ ላይ መዘርጋት ብቻ ነበር።

እሱ ነው እንግዲህ የማይቻለው። ጅረቱ የሁለት ወረዳ ድንበር ነው። የእኛው ወረዳ "የድልድዩ አንድ እግር የሚቆመው እነሱ መሬት ላይ ስለሆነ እነሱን ጠይቁ" ይላል፤ የማዶው ወረዳም ስለ ሌላኛው እግር ያንኑ ይላል። አናጺው አካፋ ይዞ ሲወጣ ግን ከልካይ ለመላክ ሁለቱም አንደኛ ናቸው። በመጨረሻ፣ ሁለት ወረዳ የሚነካ ሥራ የሚፈቅደው የክልሉ ምክር ቤት ነው ተባለ። ገንዘብ አልጠየቅን፣ መሐንዲስ አልጠየቅን። የጠየቅነው "ይሁን" የምትል አንዲት ቃል ናት።

እትዬ ጉዳዩን መጀመሪያ ለመንገድ ቋሚ ኮሚቴ አቀረበች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሷ ናት፤ ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ ነው የሰጧት። አባላቱን እየለመነች ጅረቱ ድረስ ወሰደቻቸው፤ አዩ፣ ተስማሙ፣ ጉዳዩ ለውሳኔ ወደ ጉባኤው ተላከ። እዚያ ሲደርስ ከአጀንዳው ግርጌ፣ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" ከሚለው ሥር ወተፉት።

ከአጀንዳ ግርጌ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ሻይ የሚያቀርብ ሰው ይጠየቅ። የእኛ ምክር ቤት አባል ጠዋት ይፈርማል፣ እስከ ሻይ ይቀመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ከዚያ "ስልክ ላናግር" ብሎ እንደወጣ ይቀራል። ከሻይ በኋላ አፈ ጉባኤው አዳራሹን ቃኝተው "ከአባላቱ ግማሽ ስላልተገኘ መወሰን አንችልም፤ የቀረው ለሚቀጥለው ይተላለፍ" ይላሉ። የቀረው ማለት የእትዬ ድልድይ ነው። በየጉባኤው እንዲህ ስትመለስ አባላቱ "ወይዘሮ ልዩ ልዩ" የሚል ስም አወጡላት። እኔ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ስሰማ ቆሽቴ ያራል፤ ግን ትሪ የያዘ ሰው ምን ይመልሳል?

ሰማዩ መክበድ ሲጀምር እትዬ ቤቴ መጣች።

"ስማ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ሻዩን አታቅርብ" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው እትዬ?"

"የእኔ ጉዳይ እስኪወሰን ውሃው አልፈላም በል። ሻይ ሳይጠጣ የሚወጣ አንድም ሰው የለም።"

"ከሥራ ቢያባርሩኝስ?"

"ካባረሩህ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ አንድ ነገር ወሰኑ ማለት ነው።"

እንዳለችው አደረግኩ። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ በር ዞረ። ብቅ ብዬ "ውሃው ገና ነው" አልኩና ተመለስኩ፤ ማንቆርቆሪያው ከኋላዬ ይንተከተካል። ማንም አልተነሣም። አጀንዳው አንድ በአንድ አለቀና ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ተደረሰ። አዳራሹ እንደ ጠዋቱ ጢም እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ቤት አይቼ አላውቅም።

እትዬ ተነሣች። ስለ ጅረቱ፣ ስለ ልጅቷ፣ ተሠርቶ ስለቆመው እንጨት ባጭሩ ተናገረች።

ከፊት ወንበር አንድ አባል እጁን አወጣ። ማጨብጨብ ስለሚወድ ከጓዳ "ጭብጨባ" ነው የምንለው። "ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የክብርት አባላችን ሐሳብ እጅግ ጠቃሚ ነው" ሲል እትዬ መሐረብ አውጥታ ዓይኗን ያዘች። ስንት ጊዜ የጠበቀችውን ቃል ሰማቻ። እሱ ግን አልጨረሰም። "ጠቃሚ ስለሆነም በጥልቀት ሊታይ ይገባዋል። ስለዚህ ለመንገድ ቋሚ ኮሚቴ ይመራ እላለሁ።"

አፈ ጉባኤው የእኔን በር አንዴ አዩና "የሚደግፍ?" አሉ።

መጀመሪያ የወጣው እጅ የእትዬ ነው። መሐረቡን እንደያዘች፣ የሰውዬውን የመጨረሻ ቃል ሳትሰማ፣ ድልድዩ የተፈቀደ መስሏት፣ እጇን ወደ ላይ ሰቀለችው። የሌሎቹም ተከተለ። ሻይ የጠማው ሰው እጁን ለምን እንደሚያወጣ አይጠይቅም።

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ሻይ ይቅረብ።"

አዳራሹ አጨብጭቦ ሲያበቃ ጎኗ የተቀመጠችው ሴት የሆነውን ነገረቻት። እትዬ ብድግ አለች። "ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ኮሚቴው እኮ አይቶ ጨርሶ ነው የላከው። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ።"

"ክብርት፣ እርስዎም እኮ እጅዎን አውጥተዋል" አሉ አፈ ጉባኤው፣ ያውም በትሕትና።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚሉት ይህን ነው። ትሪውን ይዤ ገባሁ፤ ምን ላድርግ? ለጭብጨባ ስሰጠው "ዛሬ አቆየኸን፤ ግን ጥሩ ፈልቷል" አለኝ። እትዬ ጋ ስደርስ ብርጭቆውን አልተቀበለችኝም። እኔንም ቀና ብላ አላየችኝም።

ሰፈር ስንደርስ ማካፋት ጀምሯል። አናጺው አካፋውን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ልጁ አጠገቡ ናት።

"እትዬ፣ እንቆፍር?" አለ።

"ለኮሚቴ ተመለሰ።"

"ለየትኛው ኮሚቴ?"

"ለእኔው።"

"ማን ነው የተቃወመው?"

"ማንም አልተቃወመም" አለች እትዬ። አፏ ውስጥ ስፒል ሳይኖር ጥርሷን ነክሳለች። "መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

አናጺው አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለን ነበር። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ቤቱ ሄዶ ትልቅ ላስቲክ ይዞ ተመለሰ። እንጨቱን ዝናብ እንዳያበሰብሰው ድልድዩን ከላይ እስከ ታች ሸፈነው፤ ልጅቷም አንዱን ጫፍ ይዛለት ነበር።