ሞቶ ዓሣ የበላው ሰው

ግጥሙ ውስጥ ያለው መርከበኛ በአንዱ ገጽ ሞቶ ይቀበራል፤ ገጹ ሲገለጥ ቁጭ ብሎ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ይባስ ብሎ «ጨው አንሶታል» እያለ ሚስቱን ይነዘንዛል። ደራሲው ያልታወቀ፣ ዕድሜ ጠገብ የጣሊያንኛ ግጥም ነው። ምሁራን በዚህ ዓሣ ላይ ያልጻፉት የለም። አንዱ የበላችው ነፍሱ ናት ይላል፤ ሌላው የሚስቱ ሕልም ነው ይላል። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ ነው የመጣው።

ጣሊያንኛ የለመድኩት እዚያው ጣሊያን አገር፣ ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ሳስታምም ነው። ዓይናቸው ስለደከመ የድሮ ግጥም ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር፤ ስሳሳት በከዘራቸው ወለሉን ይመቱታል። ታናሽ ወንድሜ ወደ ዳላስ ሲያመጣኝ ቋንቋው አብሮኝ መጣ። ጠዋት እዚያው አጠገብ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠብኩ፣ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ማስተርስ ላይ ደረስኩ። ትምህርቱ ፊሎሎጂ ይባላል። በእጅ የተገለበጡ ቅጂዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ገልባጮች ያበላሹትን እየለዩ ደራሲው የጻፈውን መፈለግ ነው። እንደ እኔ ላለች ነገር ፈላጊ ሴት የተፈጠረ ሙያ ነው።

ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር አብሬው የምኖረው ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም።

«ሶ እቴ፣ ይሄ ነገር ጆብ አለው? ማለቴ፣ ነርሲንግ አፕላይ ብታደርጊ አይሻልም? የሞተ ሰው ዓሣ በላ አልበላ ማን ኬር ያደርጋል?»

«እኔ!» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ አንዴ ተመልሶብኛል። ሁለተኛ ከተመለሰ ትምህርቱን ትቼ ነርሲንግ እንደምገባ ለወንድሜ ቃል ገባሁለት።

ጽሑፌን ያስመለሰው አንድ ሐሳብ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ብራና ፋቂ ናቸው። ልጅ ሳለሁ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የፍየል ቆዳ እፍቅ ነበር። ብራና ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ጠጉር የነበረበት፣ ሌላው ሥጋ የነበረበት። የጠጉሩ ፊት የቱንም ያህል ቢፋቅ ጥቃቅን ነጠብጣብ አይጠፋውም። መጽሐፍ ሲጠረዝ ትይዩ ገጾች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አባቴ «ጠጉር ወደ ጠጉር፣ ሥጋ ወደ ሥጋ» እያሉ ዓይኔን አስጨፍነው በጣቴ ያስለዩኝ ነበር፤ ስሳሳት ኩርኩም አለ።

እና የግጥሙን ብራና በፎቶ ሳጠና፣ የቀብሩ ገጽ ንጹሕ ሆኖ ትይዩው ነጠብጣብ ያለበት መሰለኝ። ቀብሩና ዓሣው በአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ላይ ናቸው፤ ቅጠሉ ወልቆ ሲመለስ ተገልብጧል ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ዓሣው፣ ከዚያ ቀብሩ!

ግጥሙን በመጽሐፍ ያሳተሙት ደግሞ አማካሪዬ ራሳቸው ናቸው። ጣሊያናዊት ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«በፎቶ ይህን ማለት አይቻልም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሌሎቹ ሦስት ቅጂዎችም ቀብሩን ነው የሚያስቀድሙት።»

«ሦስቱም ከዚሁ ከተበላሸው የተገለበጡ ቢሆኑስ? ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ነው።»

«ማስረጃ አምጪ።»

ማስረጃው በእግሩ መጣ። ብራናው በአንድ ሀብታም ቤት ተቆልፎበት ኖሮ፣ ሰውየው ሲሞት ለዩኒቨርሲቲያችን ተናዘዘው። አማካሪዬም መጽሐፋቸውን የሠሩት በፎቶ ነበርና አይተውት አያውቁም። የፈተናዬ ቀን እሳቸውና ሁለት ፈታኞች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። በረኪና በረኪና የሚሸት እጄን ታጥቤ ገባሁ።

«ዓይኔን ልጨፍን፤ እርስዎ ይግለጡልኝ» አልኳቸው አማካሪዬን።

ፈታኞቹ ተያዩ። አማካሪዬ ገለጡ፤ ዳሰስኩ።

«ጠጉር፣ ጠጉር።» ገለጡ። «ሥጋ፣ ሥጋ።» ገለጡ። ስድስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሰባተኛው ላይ ግራ እጄ ጠጉር አለ፣ ቀኝ እጄ ሥጋ። ደግሜ ዳሰስኩ። ኩርኩሙ ትዝ አለኝ።

«አይገጥምም» አልኩ፤ ዓይኔን ስገልጥ የቀብሩ ገጽ ላይ ነን።

አማካሪዬ መብራት አስጠጉ። አጉሊ መነጽር አነሡ። ነጠብጣቦቹን ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ቅጠሉን ገልብጠው አዩ፣ ያደፈውን የማጣበቂያ ጠርዝ አዩ። ከዚያ ገጾቹን በእኔ ቅደም ተከተል ጮክ ብለው አነበቡ። መርከበኛው ዓሣውን ይበላል፣ ጨው አንሶታል ይላል፣ ይሞታል፣ ይቀበራል። ቀጥሎ ባለው ቅጠል ሚስቱ መቃብሩ ላይ ጨው ትነሰንሳለች። እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ የእኔም እንባ መጣ። ለካ ሰውየው ነዝናዛ ሙት አልነበረም። ለካ ያቺ ሴት ያጎደለችውን ጨው ነው የወሰደችለት!

የራሳቸውን መጽሐፍ ከቦርሳቸው አውጥተው ገጹ ላይ በእርሳስ መስቀለኛ ጭረት አደረጉበት።

«ሁለተኛውን እትም አብረን እናወጣዋለን» አሉ። «አልፈሻል።»

አልፈሻል! ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ወደ ሥራ ሲያደርሰኝ፣ እኔ ኩራቴ መኪናው ውስጥ አልያዝ ብሎኝ፣ ለአባቴ ደውዬ ድምፁን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፕሮፌሰሮቹን፣ ፈተናውን፣ የተገለበጠውን ቅጠል።

«ማን ነው የጠረዘው ሰነፍ?» አሉ መጀመሪያ።

«አይታወቅም አባባ፤ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል።»

«ታዲያ ጠጉር ወደ ጠጉር መሆኑን ለማወቅ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድሽው? እኔ በሰባት ዓመትሽ ነግሬሽ የለም እንዴ?»

ወንድሜ በሳቅ ፈርሶ ከአውራ ጎዳናው መውጫችንን አልፎት ሄደ።

«ነግረውኛል አባባ» አልኳቸው፤ «ነግረውኛል።»