ለሁለቱም ወገን ሙታን

የያዙኝ ሻንጣዬን እየሸከፍኩ ሳለሁ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ወጣቶች ፒያሳ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቆመው በትሕትና፣ «እናቴ፣ ለትንሽ ጥያቄ ይፈለጋሉ፤ አሁን ይመለሳሉ» አሉኝ። ዕድሜዬን አራት ኪሎ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስለጨረስኩ የመንግሥት «አሁን» ምን ያህል እንደሚረዝም አውቃለሁ። ሹራቤንና የጉልበቴን መድኃኒት ይዤ ተከተልኳቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ፍራሾቹ ተጠጋግተው ስለተነጠፉ እግር ማሳረፊያ የለም። አዲስ ገቢ የሚተኛው በር ላይ ነው ተባልኩ። አንዲት ወፈር ያለች ሴት ግን የራሷን ፍራሽ ጎትታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እትዬ፣ ወደዚህ ይጠጉ። በር ላይ የሚተኛ ጉልበት ያለው ነው።»

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። ምን አድርገሽ ነው አልኳት።

«ጮኼ» አለችኝ። «ልጄ ከዘመተ ድምፁ ጠፋ። ወረዳው በር ላይ ቆሜ ‹ልጄ የት ነው?› ብል ሕዝብ አነሳሳሽ አሉኝ። እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልጄ በሹክሹክታ ላውራ? እርስዎስ?»

«ጸልዬ።»

«ወይ ጉድ! ሁለታችንም በአፋችን ነዋ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ከተያዝኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሪው የመጣልኝ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ሰሃን እያጠብኩ ነው። ቆላ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የአማኞች ጉባኤ ወንጌል የምትነግርና ሴቶቹን ፊደል የምታስቆጥር ሰው እንደቸገራት ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። ያን ቀን ግን ወሬው ስሜን ጠርቶ መጣ። ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼ ቤት ይዘዋል፤ ምን ያስቀምጠኛል? የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ «እህታችን፣ በዚህ ዕድሜ?» አሉኝ። አብርሃም ከአገሩ ሲወጣ ስንት ዓመቱ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁና ፈቀዱ። ክረምት ገብቶ ወንዙ መንገዱን ሳይዘጋ በመጨረሻው መኪና፣ ቅዳሜ፣ እንድሄድ ተቀጠረ።

በስንብቱ ጉባኤ ላይ ጸልዪ ሲሉኝ በጦርነቱ የሞቱትን አስቤ፣ ለሁለቱም ወገን ሙታን ቤተሰቦችና ለእናቶቻቸው መጽናናትን ለመንኩ። አንዱ በስልኩ ቀድቶ አሰራጭቶት ኖሯል።

መርማሪው የልጄ እኩያ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ አስመጣልኝ።

«እናቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው። እዚህ ስልክ ላይ ‹ጸሎቴ ስሕተት ነበር፤ ለጠላት ሙት አይለቀስም› ይበሉ። ነገ ይፈታሉ፣ ቅዳሜ ጉዞዎ ነው። አዳርዎን ያስቡበት።»

እውነቱን ለመናገር ልለው ወስኜ ነበር። እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል፣ ስልክ ምን አገባው አልኩ። የሚጠብቁኝ ሴቶች አሉ። አንዲት ቃል ተናግሬ ወደ ተጠራሁበት ብሄድ ማንን በደልኩ?

በማግስቱ የስንቅ ሰዓት ደረሰ። ጫማ ሻጯ ልብስ እያጠበች ስለነበር እህቷ ያመጣችውን ምሳ እኔ ልቀበል ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሴትየዋ ሳህኑን ስታቀብለኝ እጄን አልለቅ አለች።

«ልጁ አልፏል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አብሮት የነበረ ነው የነገረን። እስረኛ መርዶ አይነገረውም። እስክትፈታ ድረስ አደራ፣ በእግዚአብሔር!»

አደራውን ተቀበልኩ። ሳህኑን ይዤ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ፊቴን አስተካክዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ዓርብ ስለነበር ሽሮ ነው የተላከላት። አንድ ሁለቴ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሲጸልዩ ስም ጠርተዋል?»

«አልጠራሁም።»

«ለሁሉም ነው?»

«ለሁሉም።»

ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ድምፏን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ ስታወራ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

«እህቴ በዚህ ሙቀት ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ ተከናንባ ነው የምትመጣው። ከሥር ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሰች እንዳላይ ነው፤ እኔም ላይባት አልፈልግም። መርዶ ሳይነገረኝ ባለቅስ ሟርት ይሆናል። ቢነገረኝስ? ድንኳን በሌለበት፣ ጎረቤት በሌለበት፣ እዚህ ማን ያላቅሰኛል? ስለዚህ ምንም አልሰማሁም። ልጄ ደኅና ነው።» ሳህኑን ወደኔ ገፋችልኝ። «ግን እንዲያው… የሞተ ሁሉ እዚያ ጸሎት ውስጥ ገብቷል አይደል?»

«ሁሉም ገብቷል።»

«እናቱም?»

«እናቱም።»

«እሰይ። በቃኝ» አለችና ውኃ ልትጠጣ ተነሣች።

አደራ ነበረብኝና ምንም አልተነፈስኩም። ግን ለዚያ ልጅ እስከዚያ ቀን የተለቀሰለት ልቅሶ ቢኖር በየስልኩ የሚዞረው የኔ ጸሎት ብቻ ነበር። እናቱም የተደገፈችው ያንኑ ጸሎት ነው። እሱን ስሕተት ነው ብዬ ከእሷ አጠገብ ተነሥቼ እንዴት እሄዳለሁ?

ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። መርማሪው ስልኩን ደግኖ፣ «ይጀምሩ፣ እናቴ» አለኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስቼ ራሴን ሸፈንኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«የምደግመው ጸሎቱን ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም።»

ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። «ለእናቶቻቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«ራስዎን ጎዱ» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ እየሰማሁ መኪናው መሄዱን አሰብኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ጫማ ሻጯ ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። ጀርባዬን ብቻ ታሸኝ ነበር።

እኔን የፈቱኝ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ ጉልበቴ እንቢ አለ። በኔ ቦታ ወጣት ባልና ሚስት በዓመቱ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ «የተላክሽበት አገር እስር ቤቱ ነበር» አሉኝ። አሜን አላልኩም። የተላክሁበት አገር ሴቶች ያን ዓመት ሙሉ ፊደል ሳይቆጥሩ ከርመዋል፤ ይህን ማንም በጥሩ ቃል ሊያለባብስልኝ አይችልም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጫማ ሻጯ ስትፈታ እህቷ ቤቴ መጣች። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ልንነግራት ነው። እርስዎን ስለምታምን ከሚነግሯት ጋር ይሁኑልን» አለችኝ። ጴንጤ መሆኔን የሚያውቁ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቅር ሳይላቸው በመካከላቸው አስገቡኝ። አንዱ በሩን ሲያንኳኳ እሷው ከፈተች። ሁላችንንም አየችና ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ። ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ያን ሁሉ ቀን አምቃ የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው። ቀድማ ማወቋን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገረችም፤ እኔም ለቤተሰቧ ትንፍሽ አላልኩም።

ምሥራች ላደርስ በስተርጅና ተነሥቼ የደረስኩት አንዲት በር ላይ ነው። ያደረስኩትም መርዶ ነበር።